ካምቢዮ የቀየርንበት ቅዳሜ

ባለቤቴ ጌትነት ሁለት ሚስት እንዳለው በሰፈራችን የማያውቅ የለም። አንደኛዋ እኔ ነኝ። ሌላዋ ጋራዣችን ውስጥ በአራት የብረት እግር ላይ ተሰቅላ የምትኖር፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ፣ ፈረንጆቹ «መስል ካር» የሚሏት ባለ ሁለት በር ቀይ መኪና ናት። እኔ ጣውንቴ ነው የምላት። የባሌን ልብስ በዘይት የምታበላሽብኝ እሷ፣ ቅዳሜዬን የምትነጥቀኝ እሷ፣ ስታመም ያልተገዛልኝ መድኃኒት ለእሷ በፖስታ ከሌላ ስቴት ሲመጣላት የማየው እኔ።

ለነገሩ ጥፋተኛው አባባ ወርቁ ናቸው። የጌትነት አባት አባባ ወርቁ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአሰብ መንገድ ተሳቢ የነዱ ሹፌር ነበሩ። እናቱ ልጅ ሳለ ስለሞተች እሱንና እህቱን ስንዱን ለብቻቸው ነው ያሳደጉት። እኛ ወደምንኖርበት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ጌትነት በኩራት ጣውንቴ ውስጥ አስገብቶ አንሸራሸራቸው። ሲመለሱ ፊታቸው ቅጭም ብሎ ነበር።

«ካምቢዮዋ የታለ?» አሉት።

«ራሷ ነች የምትቀይረው አባባ፤ አውቶማቲክ ናት።»

«እና አንተ እዚያ ወንበር ላይ ምን ትሠራለህ?»

አባባ ጎንበስ ብለው ጭስ ማውጫዋን አዩ።

«ደግሞ ይሄን የሚያህል ሞተር ይዛ ድምጿ እንደ ድመት የሆነው ማን አፏን አፍኗት ነው?»

ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ድምፅ የሚውጥ ትልቅ ማርሚታ አስገጥሞላት ኖሯል። ጌትነት በዚያው ዕለት ማለ። አውቶማቲኩን አውጥቶ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ሊያስገባላት፣ ማርሚታውንም ቆርጦ ጥሎ ድምጿን ሊመልስላት። አባባ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ አየር ማረፊያ ላይ አቅፈውት ያሉት የመጨረሻ ነገር «ካምቢዮውን ያስገባህ ቀን በስልክ ታሰማኛለህ» ነበር።

ከዚያ ወዲያ የጌትነት ሕይወት ይኸው ሆነ። በሥራ ቀን የሰው ቤት የአየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ ቅዳሜ ጋራዥ ይገባል፤ ከሰዓት ለአባቱ ደውሎ የደረሰበትን ይነግራል። እኔ ጎረቤት ከተማ ዊተን አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ቅዳሜ ዕረፍቴ ስለሆነ «ሰኒ፣ ነይ ይህቺን ብቻ ያዥልኝ» ሲለኝ «ሚስትህን ራስህ ያዛት» እያልኩ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ ፊልሜን አያለሁ። እንዲህ ዓይነት ሴት ነበርኩ። ቀልደኛ፣ ትንሽ ምላሰኛ፣ ክፉ ነገር ሁሉ ሌላ ሰው ቤት የሚደርስ የሚመስለኝ።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልውሰዳችሁ።

ማለዳ ኩሽና ቆሜ ቁርስ ሳሰናዳ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ታፈሰ ናቸው። ጋሽ ታፈሰ እዚሁ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ የእድራችን ሰብሳቢና የአባባ ወርቁ የልጅነት ጓደኛ ናቸው።

«ሰናይት፣ ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

የእኛ ሰው በማለዳ ደውሎ «ብቻሽን ነሽ?» ካለ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። የምጣድ ፎጣውን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባባ ናቸው?»

«አዎ ልጄ። ሐሙስ ዐርፏል፤ ትናንት ተቀበረ። እንዳትጮኺ፣ ይሰማሻል።»

ፎጣውን ነከስኩት። አባባ ወርቁ እኔን «ምላሷ እንደ ቺያቬ ብሎን የሚፈታ» እያሉ የሚስቁ፣ ከገዛ አባቴ ይልቅ የሚቀርቡኝ ሰው ነበሩ።

«ኑና ንገሩት እንጂ ጋሽ ታፈሰ። ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ዛሬማ እንዴት ይሆናል? ቅዳሜ ነው እኮ። ታክሲውም፣ ፓርኪንጉም፣ ሬስቶራንቱም ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ነገ ማለዳ ሁላችንም ተሰብስበን እንመጣለን። ለሁለት ለሦስት ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። የአናንዴሉን ልጅ ረሳሽው?»

አልረሳሁትም። አናንዴል የሚኖረው ያ ልጅ የእናቱን ሞት የሰማው ሀይዌይ ላይ እየነዳ ነው። ገና እንዳልተነገረው የማያውቅ አንድ ዘመድ ስልክ ደውሎ «እግዜር ያጥናህ» አለው። መኪናው ከመንገዱ ዳር ብረት ጋር ተላተመ፤ ነፍሱ ተረፈች፣ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጋሽ ታፈሰ ሆስፒታል አብረውት አድረው ስለነበር ከዚያ በኋላ መርዶ ላይ ቀልድ አያውቁም።

«እስከ ነገ ድረስ ስልክ እንዳይነካ። መሪ እንዳይጨብጥ። ከቤት እንዳይወጣ። አብሮት የሚሠራው ጓደኛውም ፊቱ ያሳብቅበታልና ዛሬ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ። አደራ ሰናይት።»

አደራ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ምንም አይባልም። ስልኩን ዘጋሁ፤ ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብኩ፤ የጌትነትን ስልክ ቻርጀር ላይ አግኝቼ ኤርፕሌን ሞድ አደረግሁትና ከሩዝ ዕቃው ጀርባ ወሸቅሁት።

ጌትነት የሥራ ቱታውን ለብሶ ፊቱን ኮሶ አስመስሎ ከጋራዥ መጣ።

«ጓደኛዬ ዛሬ አልመጣም፣ አሞኛል ብሎ ገና ስነሳ ቴክስት አድርጎልኝ ነበር። ዛሬን ነበር እኮ የምንጨርሰው! ካምቢዮውን ብቻዬን አላነሳውም። እስቲ ወደ አሌክሳንድሪያ ልውረድና አንድ ሰው ላምጣ።»

የመኪና ቁልፉን ሲያነሳ አየሁት። ምን እንዳልኩ ሳላውቅ አፌ ቀደመኝ።

«እኔ እይዝልሃለሁ።»

«ምኑን?»

«ካምቢዮውን።»

ጌትነት ቁልፉን መልሶ ሰቀለው። ከዚያ ፊቱ ሲበራ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ ሲበራ አላየሁትም። «ሰኒ! እውነትሽን ነው?» ብሎ ግንባሬን ሳመኝና የድሮ ቱታውን ሊያመጣልኝ እንደ ልጅ ሮጠ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። አውቶማቲኩን ካወጣ ሰንብቷል። ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን የፍሪሲዮን ፔዳልም ገጥሞ ጨርሷል። የቀረው አዲሱን ካምቢዮ ከሥር አንስቶ ከሞተሩ ጋር ማጋጠምና ማርሚታውን መቀየር ነው። ካምቢዮ ማለት ደግሞ ሁለት ሰው የሚያቃትት ብረት ነው፤ ከፊቱ የወጣው ዘንግ በፍሪሲዮኑ መሃል ባለች ቀዳዳ ልክ ካልገባ አይሆንም። ጌትነት ይህ ነገር ሰው ቀኑን ሙሉ ሲታገልበት ውሎ ሳይሳካለት የሚቀር መሆኑን ብዙ ጊዜ ነግሮኛል። ተስፋዬ እዚያ ላይ ነበር። አይገባም፤ ይመሻል፤ ነገ ይነጋል፤ ጋሽ ታፈሰ ይመጣሉ።

ካርቶን አንጥፈን መኪናው ሥር ጎን ለጎን ተጋደምን። እሱ ካምቢዮውን በክሪክ ከፍ እያደረገ እኔ ከኋላ ጭራውን ይዤ አቅጣጫውን አስተካክላለሁ።

«ትንሽ ወደ ግራ። ትንሽ። አዎ… አሁን ግፊው።»

ገፋሁት። እንደ ቅቤ ገባ።

ጌትነት ትንፋሹን ዋጠ። «አይደለም» አለ። «አይሆንም! በአንዴ?» ከዚያ ከመኪናው ሥር እልል ሊል ምንም አልቀረውም። «እጅሽ ወርቅ ነው እኮ! ይሄን ሁሉ ጊዜ አንቺን ሳሎን አስቀምጬ ነው የምሰቃየው?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ነገር ሁሉ የሰመረበት ቀን አላውቅም። ዝገው ለወራት አንላቀቅም ያሉ ብሎኖች በአንድ ዙር ተፈቱ። የማይገጥመው ገጠመ። ሥራው እንዲዘገይ አንድ የብሎን ዳዶ ሰርቄ ኪሴ ከተትኩ፤ እሱ ሳይቆጣ፣ «አይዞሽ፣ ይጠፋል» ብሎ ከቆርቆሮው ሌላ አወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዳዶ ጠፋ ብሎ ቤቱን ያናውጠው ነበር። ያን ቀን ግን ደስታው ቁጣውን ሁሉ ወስዶበታል። እኔ ሥራውን ባዘገየሁ ቁጥር እሱ የምማር እየመሰለው በትዕግሥት ያስረዳኝ ጀመር።

«ይህቺ ምንድን ናት?» እለዋለሁ፣ የማውቀውን።

«እሷማ የካምቢዮው እጀታ የምትያያዝባት ናት። ታውቂያለሽ ሰኒ፣ እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ አባባ ወደ አሰብ ይዞኝ ሲሄድ እጄን እጀታው ላይ ያስቀምጥና የሱን እጅ በላዩ ላይ ያደርጋል። ‹አሁን አንተ ነህ የምትቀይረው› ይለኛል። ለካ እኔ ምንም አልሠራም፤ እጄ ግን ይሰማው ነበር።»

እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ። በጀርባ ተጋድሞ ማልቀስ መሸሸጊያ የለውም።

«ምነው?»

«ዘይት ገባብኝ።»

በእጅጌው ንጹሕ ጫፍ ዓይኔን ጠረገልኝ። ቀስ ብሎ፣ እየነፋልኝ። ያኔ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ከፈትኩ። ከላያችን ያን ሁሉ ብረት በአራት እግር የቆመ አየሁና የአናንዴሉ ልጅ ታወሰኝ። እዚህ ሥር ተጋድሞ ይስማ? አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከቤት ወደ ጋራዥ የሚያስገባው በር ተከፈተ፤ የልጃችንን የማህሌትን ጫማ አየሁ። ማህሌት የሃይስኩል ተማሪ ናት። «ማሚ?» የሚለውን ድምፅዋን ስሰማ ነገሩን ማወቋ ገባኝ። ከመኪናው ሥር እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በዘይት እጄ ክንዷን ይዤ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ጎተትኳት።

«ከዝኔ፣ የአክስቴ ልጅ፣ የአባባን ፎቶ ከሻማ ጋር ፖስት አደረገች» አለችኝ። «ኢዝ ኢት ትሩ?»

«እውነት ነው የኔ እናት። ነገ ማለዳ ትልልቅ ሰዎች መጥተው ለአባትሽ ይነግሩታል። እስከዚያ ምንም እንዳትይ።»

«ዋት? እና ዳዲ እዚያ ሥር ምን እየሠራ ነው? እየሳቀ እኮ ነው! ማሚ፣ ዚስ ኢዝ ሮንግ። አባቱ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ዜን ቴል ሂም!»

አፏን በእጄ ያዝኩት። ልጄን በዚያ ዓይነት ይዣት አላውቅም። ጉንጯ ላይ የጣቶቼ ዘይት አረፈ። ዓይኗ ውስጥ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም፤ በእናቷ ማፈር ነበር። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ያን ቀን አልወጣችም።

ወደ ጋራዥ ስመለስ ጌትነት አሮጌውን ማርሚታ በኤሌክትሪክ መጋዝ እየቆረጠ ነው። ማርሚታው እየተንኳኳ ወለሉ ላይ ሲወድቅ እየጨፈረ በእግሩ መታው። «ምሳ እንብላ» አልኩት፤ ቆሞ በላ። «ማርሚታውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ እናቆየው» አልኩት፤ «አብደሻል?» አለኝ። አዲሱን ቧንቧ ስንገጥም እኔ ጫፉን ይዤ እሱ ሲያጠብቅ የሁለታችንም አፍንጫ ጥላሸት ነክቶት ኖሮ «አሁን ገና መልክሽ ከመኪናዬ ጋር ገጠመ» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። አስመስዬ አይደለም፣ ከልቤ ሳቅሁ። ለዚያች ጊዜ አባባ ወርቁ አልሞቱም ነበር።

ሁሉ ነገር አለቀ። የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት እንደተነሱ ናቸው። የጋራዡን በር ከፈተና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ቅድስት ማርያም፣ አታስነሺው» ብዬ ለመንኩ። ማርያም ያን ቀን የጌትነት ወገን ነበረች። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ።

ድምፁን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ደረቴ ውስጥ ነው የሰማሁት። ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ቺያቬዎች ተንጫጩ። ጌትነት ፍሪሲዮኑን ረግጦ አንደኛ አስገባ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ ጎማዎቹ አየር ላይ ይሽከረከራሉ፣ ድምፁ በየማርሹ ይለዋወጣል። አጠፋውና ወርዶ አቀፈኝ።

«ስልኬን! አባባ ይስማው!»

«የት እንዳለ አላየሁትም።»

«ያንቺን ስጪኛ።»

«ባትሪ የለውም።»

ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ጋሽ ታፈሰ እንዴት ዋላችሁ ሊሉኝ ነው። ጌትነት እየሳቀ ከእጄ ነጠቀኝና ስፒከር ላይ አደረገው።

«ጋሽ ታፈሰ! ካምቢዮው ገባ! ሰናይት እኮ ናት ያስገባችው! አሁን ለአባባ ልደውልለት ነው፤ ጓደኛዎት ዛሬ ይፈነድቃል!»

ከስልኩ ማዶ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፤ ቀጭን ነበር። «እሰይ… እሰይ የኔ ልጅ። ግን እዚያ መሽቷል እኮ፤ ነገ ብትደውልለት…»

«ሬዲዮውን ሳይሰማ አይተኛም ጋሽ ታፈሰ!» ብሎ ዘጋው። ያ ሁሉ እድር ሊያደርግልኝ የቻለው ይህንኑ ብቻ ነው።

አባባ የሚኖሩት ከእህቱ ጋር ነውና የስንዱን ቁጥር ነካው። ስንዱ የኔን ስም ስታይ ለልቅሶ የደወልኩላት ነው የሚመስላት፤ «ሄሎ» ከማለቷ በፊት ዋይታዋ እንደሚቀድም ታወቀኝ። ስልኩ እንደተነሳ ጮህኩ።

«ስንዱ! ጌትነት ነው የሚያነጋግርሽ! መኪናው ተነስቶለት ለአባባ ሊያሰማ ነው!»

ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ገባት።

«ስንድዬ!» አለ ጌትነት። «ምነው ድምፅሽ?»

«ጉንፋን ነው» አለች። ከለቅሶ ብዛት ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

«ካሜራ ክፈቺ እስቲ።»

«መብራት ጠፍቷል።»

«አባባን ስጪኝ።»

«ተኝቷል ጌትዬ።»

«ቀስቅሺው! ቢሰድበኝም ይስደበኝ!»

«መድኃኒት ወስዶ ነው… አይነቃም።»

እኔ የኋላ መብራቱን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ይብቃ ብዬ እንዳልጮህ ስንዱ ማዶ ሆና የያዘችውን ነገር ማፍረስ ሆነብኝ። ዝም ማለትም አልችልም። የሚቻል ነገር አልነበረም።

«እሺ፣ ስልኩን ጆሮው ሥር አድርጊለት» አላት። «በሕልሙም ቢሆን ይሰማዋል።»

የስንዱ እርምጃ በስልኩ ተሰማ።

«እሺ» አለች። «አድርጌለታለሁ።»

ስልኩን ሰጠኝና ወንበሩ ላይ ወጣ። እኔ ተንበርክኬ ስልኩን ወደ ጭስ ማውጫው ዘረጋሁ። ሞተሩን አስነሳ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። እንደገና ወደ ታች። ባለ በሌለ ኃይሉ እየነዳ ሞቶ ለተቀበረ አባቱ አሰማ። በኋላ እንደተነገረኝ፣ ስንዱ ስልኩን ባዶው አልጋ ላይ አድርጋዋለች፤ ለቅሶ ቤቱ ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ ነበር።

ሞተሩን አጠፋና ዘሎ ወርዶ ወደ ስልኩ አጎነበሰ።

«ሰማህ አባባ?»

ከስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የሽማግሌ ጎርናና ድምፅ ወጣ።

«ጎሽ! ካምቢዮ ማለት እንዲህ ነው!»

ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ጌትነት ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ መሬት ላይ ተቀመጠና እየሳቀ አለቀሰ። «ነቅቶ ኖሯል! ሰማሽው? ጎሽ አለኝ!» እኔም ለቅጽበት ጋሽ ታፈሰ ተሳስተው ቢሆንስ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ ለስንዱ መልሼ ደወልኩ።

«ጋሽ በላቸው ናቸው» አለችኝ እየተንሰቀሰቀች። «የአባባ የድሮ ረዳት። ጥግ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ሞተሩን ሲሰሙ ከአባባ አጠገብ ተሳቢው ውስጥ የተቀመጡ መስሏቸው ሳያስቡት ወጣቸው። አሁን ራሳቸውን እየደበደቡ ነው።»

ጌትነት ያን ዕለት በጊዜ ተኛ፤ ፈገግ እንዳለ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አነጋሁ።

ማለዳ መጡ። መኪኖቻቸውን ራቅ አድርገው አቁመው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ጋሽ ታፈሰ ከፊት። ቤቱን ሞሉት። ጌትነት ከመኝታ ቤት በካናቴራ ወጥቶ ሲያያቸው ግድግዳውን ያዘ። የእኛ ሰው ይህን ሰልፍ ያውቀዋል።

«ማነው?» አለ። «ስንዱ? ትናንት አናግሬያታለሁ እኮ… ምን ሆነች?»

«ስንዱ ደህና ናት ልጄ» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «አባትህ ነው። ወርቁ ዐርፏል። ሐሙስ ዕለት።»

ጌትነት ሳቀ። ሰው ሁሉ ደነገጠ።

«ሐሙስ? ጋሽ ታፈሰ፣ ተሳስታችኋል። የሌላ ሰው መርዶ ነው የመጣላችሁ። አባቴን ትናንት አናግሬዋለሁ። ‹ጎሽ› ብሎኛል። እንኳን ሊሞት! ሰናይትም ሰምታለች፤ ጠይቋት።» ወደ እኔ ዞረ። «ንገሪያቸው ሰኒ።»

ሰው ሁሉ እኔን አየ። ሽማግሌዎቹ፣ ሴቶቹ፣ ደረጃው ላይ ቆማ ማህሌት። ለሁለት ለሦስት አይነገርም ተብሎ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ፣ መርዶውን ብቻዬን እኔ ልነግር ነው።

«ጌትነት» አልኩት፣ «ትናንት ጎሽ ያለህ አባባ አይደሉም። ጋሽ በላቸው ናቸው። አባባ ዓርብ ዕለት ተቀብረዋል።»

ጩኸት ጠበቅሁ። አልጮኸም። ቀስ ብሎ አጠገቤ መጣ።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ትናንት ማለዳ።»

«ካምቢዮውን ሳናነሳ?»

«ሳናነሳ።»

«ዘይት ገባብኝ ስትይኝ?»

«ዘይት አልነበረም።»

«ስለ አሰብ ስነግርሽም?»

«አውቅ ነበር።»

«ስትስቂስ?»

ጌትነት መልስ አልጠበቀም። ዞሮ የጋሽ ታፈሰን ትከሻ ያዘና ያኔ ገና አለቀሰ። በእሳቸው ትከሻ ላይ፤ በእኔ ላይ አይደለም። ሴቶቹም ለቅሶውን ተቀበሉት።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ጋሽ ታፈሰን እንድትወቅሱልኝ አይደለም የጻፍኩት። ያ ሁሉ ሰው ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቤታችንን ለቅቆ አልሄደም፤ አብስሎ አበላን፣ አብሮን አደረ፣ ጌትነትን ለአርባው አዲስ አበባ ድረስ አጅቦ የሄደም ነበር። ስንዱንም፣ ጋሽ በላቸውንም አልወቅስም። ሁላችንም እሱን ከሐዘን ልንጠብቅ ነው የተሯሯጥነው፤ ተባብረን የወሰድንበት ግን ካለው ቀን ሁሉ ደስ ያለውን ቀን ነው። ምን ማድረግ ነበረብሽ ብትሉኝ ዛሬም አላውቅም። እናንተ ኩሽና ቆማችሁ አደራ ብትባሉ ምን ታደርጉ እንደነበር ግን እስቲ አስቡት።

እኔና ጌትነት ሰንብተን ታረቅን። ከእንግዲህ ቀድሞ የሰማ ወዲያው ይንገር ተባብለንም ተማማልን። መኪናዋን ይነዳታል፤ ጋራዥ ግን እስከ በቀደም ድረስ ነይ ብሎኝ አያውቅም። የተለወጠው ነገር ሌላ ነው። ቤታችን ውስጥ ደግነት ያስደነግጣል። እኔ ሳይጠይቀኝ ትከሻውን ካሸሁት እጄን ይዞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። የሚወደውን ምግብ ያለ ምክንያት ከሠራሁ ማንኪያውን አስቀምጦ ስልኩን ይፈልጋል።

እኔም አልተረፍኩም። በቀደም ከሥራ ስገባ ጌትነት ኩሽናውን አጽድቶ፣ ዕቃ እያጠበ አገኘሁት። «አረፍ በይ የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምሠራው» አለኝ። ቦርሳዬ ከእጄ ወደቀ።

«ጌትነት፣ እናቴ ናት?»

«ኧረ ማንም አልሞተም!» አለ፤ የያዘው ሳህን ከእጁ ሊያመልጥ ነበር። «ማርሚታው ላልቶ… ነገ ትይዥልኛለሽ ወይ ልልሽ ፈልጌ ነው።»

ላምነው ፈለግሁ። አቃተኝ። እርጥብ እጁን ጨምድጄ ይዤ አዲስ አበባ ደወልኩ። እዚያ ሊነጋጋ ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። በመጨረሻ ተነሳ፤ እናቴ ናት፤ ከእንቅልፏ ባንና፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ።

«ሰናይት? በዚህ ሰዓት? ማን ሞተ?»